ባዶውን የተላከ አገልግል

ንፋስ መውጫ፣ ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም

ውድ ይታየው፣

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የመጣው ዲያቆን ዳንኤል ነው፤ አብሮ አንድ አገልግል ይሰጥሃል። የማን እንደሆነ ጠፍሩን አይተህ ታውቃለህ። ክዳኑን ለመክፈት አትቸኩል፣ ባዶ ነው። ለምን ባዶውን እንደመጣ ደብዳቤውን እስክትጨርስ አይገባህምና እባክህ እንደ ልማድህ መሀሉን ዘለህ መጨረሻውን አታንብብ። የሰው ኮድ ስታነብ እንደዚያ ነበርክ፣ አውቅሃለሁ።

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። አልጀምርም፣ ተቀይሜሃለሁ። አባትህ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሲያርፉ «ወንበራቸው ሰው ማጣት የለበትም» ብለህ፣ ላፕቶፕህን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ፣ ስልክህን ሳይቀር ለእኔ ትተህ፣ ድጓ ልትማር ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ገባህ። ሰው እንዲህ ይሄዳል? «የድጓ ተማሪ ስልክ ምን ያደርግለታል» አልከኝ ደግሞ፣ እየሳቅህ። እኔ ምን እንደምሆን ግን አልጠየቅኸኝም። ያን ቀን ልነግርህ አፌ ላይ የነበረ ነገር ነበር። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ የቸገረኝን ልንገርህ።

የቸገረኝ የትውልድ መንደርህ የዋርካ ሥር ጉዳይ ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው አፋፍ የተሰነጠቀ ክረምት፣ እኔና አንተ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል እየተከልን፣ ከችካል ችካል ሽቦ እየወጠርን ጭቃ በጭቃ ሆነን የዋልነውን መቼም አትረሳውም። ሽቦው በተሳበ ቁጥር መሣሪያው እዚህ ንፋስ መውጫ ወዳለው ቢሯችን መልእክት ይልካል። ያንተ ፕሮግራም መልእክቱን ይመረምርና መሬቱ ከልኩ በላይ ከሄደ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያኔ እዚያ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የሰቀልነው ጡሩምባ ይጮኻል። ስማዳ፣ መንደርህ ድረስ ወርደን፣ ጫማችንን ጭቃ በልቶት፣ ጡሩምባው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ እናትህ እልል ያሉት ትዝ ይለኛል።

ያን ቀን የመንደሩን ሰው ዋርካው ሥር ሰብስበህ ያልካቸው ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ካለ ልጁንም ከብቱንም ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ውጡ። ጭራሽ ካልጮኸ ተኙ። ሳያቋርጥ ከጮኸ ግን ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ደምሌ የጡሩምባውን ሽቦ ይንቀለው» አልክ። ደምሌ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ደረቱን ነፋ። እናትህ እትየ የኔነሽም ቃልህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት። ክረምት በገባ ቁጥር ለጎረቤቱ ሁሉ ይደግሙለታል አሉ።

ባለፈው ሰኔ ነው አለቃችን አቶ ክንዱ የጠሩኝ። «ደጊቱ፣ ከዚያ ከአሮጌ ሰርቨር ገላግይኝ» አሉኝ። ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል፤ የየፕሮጀክቱ ኮድ ሁሉ ሰብቨርዥን ከሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ጊት ወደሚባለው ይዛወር ተብሏል። አንተ ስትቀጥረኝ የሁለቱን ልዩነት እንዴት አድርገህ እንዳስረዳኸኝ ታስታውሳለህ? «ሰብቨርዥን እንደ ቤተ ልሔም ድጓ ነው፤ እናት መጽሐፉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሁሉም የየራሱን ቅጂ ይዞ እየመጣ ከእሱ ያስተያያል። ጊት ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ እናት መጽሐፉን እስከ እርማቱ በጀርባው አዝሎ ሲዞር ማለት ነው» አልከኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁብህ። ልብህ ያኔውኑ ወደዚያ እንደ ሄደ መች አወቅሁ።

«ጋሼ፣ ክረምት ደጃፍ ላይ ነው፣ ጥቅምት ላይ ብናደርገውስ?» ብዬ ለመንኳቸው። «ከአንድ ጎተራ ወደ ሌላ ጎተራ መገልበጥ ነው፣ ምን አለው?» አሉኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ስብሰባ ላይ «አልቋል» ማለት ይወዳሉ እንጂ።   ተነሥቼ ሥራዬን ጀመርኩ።

አሮጌዋ ማሽን እያቃሰተች ታሪክህን አንድ በአንድ ስታወጣልኝ ዋልኩ። ያረምካት እያንዳንዷ መስመር፣ በእያንዳንዷ እርማት ላይ የተውካት ማስታወሻ ሁሉ አብራ ትመጣለች። «ይህ ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም፣ አትንኩት» የሚል አገኘሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ «ደጊቱ ሳታይ ያስተካከልኩት፤ ካየች ትቆጣለች» የሚል መጣ። መቼም አንተ! በሰው ፊት ጎበዝ ጎበዝ ትላለህ፣ ለካ እኔን ፈርተህ በስውር ታርም ነበር። ቀጥሎ የመጣችው «ደጊቱ ዛሬ ታማ ቀርታለች፣ ቢሮው ጭር ብሏል» ትላለች። ይህ ምኑ ነው የኮድ ማስታወሻ? ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ዝውውሩ ሲያልቅ እያንዳንዱን ፋይል ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ። አንድም ፋይል አልጎደለም። ይህችን ቃል ልብ በልልኝ፣ ፋይል ነው ያልኩህ። አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ከጊት አውርጄ ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ተነሣ። አቶ ክንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ይኸው፣ አልቋል!» አሉ። አሮጌዋን ማሽን ነቅለን ዕቃ ቤት ከተትናት።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። እንዲህ ያለ ዝናብ አላየሁም፤ ንፋስ መውጫ ጉም ውስጥ ገብታ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መተያየት አቃተው። በየክረምቱ አንዴ ሁለቴ የሚጮኸው ጡሩምባ ዘንድሮ ጭጭ አለ። እኛም ደስ አለን። «አዲሱ አሠራር የተረጋጋ ነው» ብለው አቶ ክንዱ ሪፖርት ጻፉ። እኔም እኮ ፈረምኩበት። ዝም ሲል ጊዜ ሰላም ነው አልኩ፤ ዝምታን የሚጠረጥር ማን አለ?

የወሩ መጨረሻ ላይ የስማዳው መኪና ረዳት አንድ አገልግል አምጥቶ «ከእትየ የኔነሽ» ብሎ ሰጠኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እናትህ እኔን ባንተ ቦታ አስቀምጠውኛል። ድፎ ዳቦና የገብስ ቆሎ ነበረበት፤ ከቢሮው ልጆች ጋር ተሻምተን በላነው። ረዳቱ ሲመለስ «ዕቃውን ስጪኝ፣ መኪናው ሊነሣ ነው» ብሎ ደጅ ላይ አጣደፈኝ። ባዶውን አቀበልኩት። በስመ አብ! የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ እኔ የጋይንት ልጅ አጥቼው ነው? ሌላው ቢታጣ አንድ እፍኝ እህል ጣል ይደረግበታል። እናቴ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ቤት አታስገባኝም ነበር።

በማግስቱ እትየ የኔነሽ በደምሌ ስልክ ደወሉልኝ። «ደጊቱ ልጄ፣ ምን ሆነሽብኝ ነው?» አሉኝ ገና ሰላም ሳይሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም እትየ፣ ምነው?»

«አገልግሌ ባዶውን መጣ። ታመመች ወይስ ሰው ሞተባት ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።»

አፈርኩ። ረዳቱ አጣድፎኝ ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ዳቦውንስ በልተሽዋል፣ እንኳን በላሽው። እኔ ያዘንኩት ዕቃዬ ሊጠፋ ስለነበር ነው። ረዳቱ ባዶ መሆኑን ሲያይ ከወንበር ሥር ወርውሮት፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አውርዶ እሱን ትቶት ሊሄድ ነበር፤ ደምሌ ነው አይቶ ያስወረደው። አንዳች ነገር ቢኖርበት ኖሮ ዕቃ ነው ብሎ ይቆጥረው ነበር እኮ» አሉኝ።

«አፋፉስ እትየ፣ ደህና ነው?» አልኩ፣ ወሬ ለመቀየር ብዬ።

«ኧረ ሰሞኑን ያጉረመርማል። ምንጩም ቀይ ጭቃ ሆኖ ነው የሚወርደው። ጡሩምባው ግን ዝም ብሏልና እኛም ዝም ብለን ተኝተናል። ልጄ ያበጀው አይዋሸኝም።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። ባዶ ስለሆነ ትቶት ሊሄድ ነበር። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አውርዶ። ይታየው፣ አንተ አሁን ገብቶሃል፤ እዚህ ላይ ንባብህን አቁመህ ግንባርህን እንደያዝክ አውቃለሁ። «ይላክ» የምትለዋ ፎልደር! ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያውን እሷ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል ከእሷ አንሥቶ ጡሩምባውን ያስጮኻል። የመጣው ሁሉ ወዲያው ስለሚነሣ ዘወትር ባዶዋን ናት። ሰብቨርዥን ባዶም ብትሆን ያስቀምጣት ነበር። ጊት ግን የሚይዘው ፋይል ብቻ ነው፤ ፋይል የሌለባትን ፎልደር እንዳለችም አይቆጥራት። ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር ነው እኮ! ፋይል ስቆጥር ከርሜ ፎልደር መቁጠር ረሳሁ።

ሮጬ ከፈትኩት፣ የለችም። ፕሮግራሙስ ምነው ስሕተት አለ ብሎ አልነገረኝ ብዬ ኮድህን ባየው፣ አንተው ጽፈኸዋል፦ ማስጠንቀቂያውን ማስቀመጥ ካልቻልክ አትውደቅ፣ ዝም ብለህ ያዝና ቆይተህ ሞክር። አንድ ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ ፕሮግራሙ ወድቆ ሥራ ስላቆመ ያደረግኸው ነው። ይህንንስ ከእኔ ደብቀህ ነው ያረምከው? ተናድጄብሃለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ጥፋቱን ካንተ ላይ ጥዬ አላመልጥም። ከችካሎቹ የመጣው መልእክት ሁሉ ተከማችቶ ተቀምጧል። አፋፉ ሐምሌን ሙሉ ሲጮህ ነው የከረመው፤ አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ወዲያው ፎልደሯን ሠራኋት። ሁለተኛ እንዳትቀር ውስጧ አንዲት ምንም የሌለባት ፋይል አስቀመጥኩ፤ ስሟንም «ቆሎ» አልኳት። እናትህን እያሰብኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ባስብ ምን ነበረበት? ፎልደሯ ገና ከመፈጠሯ ሲጠራቀም የከረመው ማስጠንቀቂያ በሙሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ተለቀቀ።

ጡሩምባው ጮኸ። ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አላለም፤ አንዱ ሦስት ሳያልቅ ሌላው ሦስት እየተከተለ፣ ሳያቋርጥ። ደምሌ ደወለ። ከጀርባው ይጮኻል፤ ውሻው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም ይሰማኛል።

«ደጊቱ፣ ይኼ ነገር አበደ! ይታየው እንዳለው ልነቅለው ነው።»

«እንዳትነቅለው ደምሌ! እውነቱን ነው! ሰውን አስወጣ!» አልኩ። የሰማኝ አይመስለኝም። ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«ነቀልኩት፣ እፎይ» አለኝ።

«መልሰህ ሰካው በማርያም!»

«ምኑን ልሰካው? ነዶ ጭስ ሆኗል።»

ይኸው ነው የሆነው። ቃልህን ጠበቁ፤ ያልካቸውን ሳያጓድሉ አደረጉ። አቶ ክንዱ ዘንድ ሮጥኩ። ፊታቸው ዓመድ መሰለ። ወረቀት ስበው ጻፉና «አዲስ ጡሩምባ ጠይቄያለሁ፣ በዝናቡ የተቆረጠው የላይኛው መንገድ ሲከፈት ይመጣል፤ ለበላይም ጽፌያለሁ። እስከዚያ ሕዝቡን እንዳታስደነግጪ» አሉኝ። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ፈቃድ ሳልጠይቅ የስማዳውን መኪና ተሳፈርኩ።

መኪናው ጭቃ ይዞት ከመሀል ቀረ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። መንደር ሳልገባ በፊት አፋፉ ላይ ወጣሁ። አብረን የተከልናቸው ችካሎች ወደ ታች አዘንብለዋል። መሀለኛው ሽቦ ተበጥሷል፣ ጫፉ ሣር ላይ ተጠቅልሎ ወድቋል። ያኔ ተሻግረን እንቀልድበት የነበረው ስንጥቅ አሁን ፍየል ቢገባበት አይወጣም። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ከሥሬ አንድ ነገር እንደ ሆድ ጉርምርም አለ፤ እግሬን አንሥቼ ሮጥኩ።

ሰውን ዋርካው ሥር ሰበሰብኩ፣ አንተ በቆምክበት ቦታ ቆሜ ነገርኳቸው። ጡሩምባው አልተበላሸም፣ ዝም ያለውም የጮኸውም በእኔ ስሕተት ነው፣ አፋፉ ሊሄድ ነው አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ በትዕግሥት አዳምጠውኝ «ልጄ፣ ዝም ሲል ተበላሽቶ ነበር ትያለሽ፤ ሲጮህ ደኅና ነበር ትያለሽ። ይታየው ያለን ደግሞ የዚህን ግልባጭ ነው። የማንን እንያዝ?» አሉኝ። መውጣቱስ ቀላል ነው? ገብሱ እሸት ሊይዝ ነው፣ ዝንጀሮ ይጠበቃል፣ ላም የወለደችበት አለ። ሁሉም ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያየው እናትህን ነው። «የጡሩምባው እናት ካልተነሡ እኛ ምን ቤት ነን?» ይላሉ።

ወደ ቤታችሁ ገባሁ። ባዶውን ለመለስኩት አገልግል ካሣ ይሆነኛል ብዬ ሽንብራ ቆሎ በነጠላዬ ቋጥሬ ነበር። እናትህ ከኪዳን ተመልሰው፣ በሩን ለመዝጋት ሲታገሉ አገኘኋቸው። አይዘጋም። ከታች የወፍጮ መጅ አስደግፈውታል። «ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦት ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ መቃኑን አየሁት። እንጨቱ አላበጠም ይታየው። መቃኑ ተጣሟል። ማዕዘኑ ላይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ እጄን ብሰደው ከውጭ ያለው ቀዝቃዛ አየር ነካኝ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «እትየ፣ በወለዱት ይዤዎታለሁ፣ ዛሬውኑ ጉብታው ላይ ይውጡ። እርስዎ ከወጡ ሁሉም ይወጣል» አልኩ።

አነሡኝ። «ልጄ ሲሄድ ምን ብሎኝ ነው የሄደው? ‹እማዬ፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ካለ ውጪ› ነው ያለኝ። ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አላለም። አባቱን የቀበርኩት እዚህ ነው፤ ለጎረቤቴ ሁሉ የእሱን ቃል ስነግር ኖሬ፣ ዛሬ አንቺ አልሽኝ ብዬ ቃሉን ላፍርስበት?»

«እሱም ቢኖር ይህንኑ ነው የሚልዎት።»

«እንግዲያ ይምጣና ይበለኛ» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸው ያመጣሁትን ቆሎ ተቀበሉኝ፤ አገልግሉን ከግድግዳው አውርደው እዚያ ውስጥ ገለበጡት፣ መረቁኝም። ጥቂት ተቀምጠው ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ቆሎውን ወደ ስፌት መልሰው ገለበጡና አገልግሉን በነጠላቸው ጫፍ እስከ ውስጡ ወለወሉት። ክዳኑን ገጥመው ሰጡኝ።

«ለይታየው አድርሽልኝ» አሉ።

«ምን ልጨምርበት እትየ?»

«ምንም። ባዶውን።»

«እርስዎ? ባዶ ዕቃ?»

«ባዶ ዕቃ ከእኔ ሲመጣለት እናቴ ምን ሆነች ብሎ ይደነግጣል። ይደንግጥ። ሞልቶ ራሱ ያምጣልኝ። ከአፉ ‹ውጪ› ካለኝ በዚያው እግሬ እወጣለሁ» አሉኝ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን አይደለም፣ በሩን ነው። እንጨቱ አለማበጡን እሳቸውም ያውቃሉ ይታየው። ፈርተዋል። ፈርተዋል፣ ግን ያንተን ቃል በሌላ ሰው ቃል መሻር አልሆነላቸውም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ዛሬ ንፋስ መውጫ የመጣሁት ይህን ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ፍለጋ ነው። ዲያቆን ዳንኤል ከቢሯችን በራፍ ላይ አገኘኝ፤ ወደ እናንተ ጉባኤ ቤት እንደሚወርድ ሲነግረኝ እጁን ስሜ ለመንኩት። ፍልሰታ ላይ ተማሪ ከጉባኤ እንደማይወጣ አውቃለሁ። መምህርህን አስፈቅድ፤ ካልፈቀዱልህ ይህንን ደብዳቤ አንብብላቸው። የአባትህ ወንበር ሰው አይጣ ብለህ ነው የሄድከው፤ ወንበሩ ያለበት መንደር ራሱ ከሌለ ምን ላይ ትቀመጣለህ? ድጓው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይህ አፋፍ ግን በየቀኑ እየሄደ ነው፣ አሁን ደግሞ ሽቦው ተበጥሷልና ምን ያህል እንደሄደ የሚነግረን የለም።

ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩህን ልንገርህና ላብቃ። እወድህ ነበር። አሁንም እወድሃለሁ። የሄድክ ዕለት እዚያው ደጃፍ ላይ ይህንን ልልህ ነበር፤ ነጠላህን ስታጣፋ አይቼ ዋጥኩት። «ቢሮው ጭር ብሏል» የምትለዋን ማስታወሻህን ሳነብ ደግሞ አንተም የዋጥከው ነገር እንዳለ ገባኝ። መልስ አልፈልግም። መልስ ልትሰጠኝ ብለህ አትቀመጥ፣ ወረቀቱን አጥፈህ ተነሣ።

እኔ ነገ ጠዋት ተመልሼ እወርዳለሁ። አቶ ክንዱ «ከሄድሽ ሥራሽን እንደለቀቅሽ እቆጥረዋለሁ» ብለውኛል፤ ይቁጠሩት። ከእናትህ ጎን እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ካልወጡ አልወጣም። አገልግሉን ሳትረሳ ይዘህ ና፤ ሌላው ቢጠፋ አንድ እፍኝ ቆሎ አድርግበት። ደግሞ ስትደርስ ደጅ ላይ ቆመህ አታንኳኳ። በሩ አይዘጋምና ዝም ብለህ ግባ፤ ገና ከደጃፉ ሳለህ ጮክ ብለህ «ውጪ» በላቸው።

ከእናትህ ቤት የምትጠብቅህ፣
ደጊቱ